የመንደሩ ማይክና የልጄ ብልቃጥ

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

ለመንደራችን ነዋሪዎች፣ ለአጎራባች መንደሮች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው የበላይ አካላት በሙሉ! ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ጠፍታ የነበረችው የዶኛ ጉሜርሲንዳ አሳማ፣ በዛሬው ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በኳስ ሜዳው ጎል ውስጥ ተጋድማ በሰላም ተገኝታለች። ቡድናችን በዚህ ዓመት ካሰለፋቸው በረኞች ሁሉ የተሻለች መሆኗን የዓይን እማኞች አረጋግጠዋል።

ዛሬ ጠዋት በማይክ ያነበብኩት እንዲህ ብዬ ነው። በረኛው ካሲሚሮ ማዘጋጃ ቤት ድረስ መጣ።

"ዶን ሊቦሪዮ፣ እኔን ከአሳማ ጋር?"

"ኧረ አንተን አላልኩም። እሷ እኮ ቢያንስ ጎሉን ሞልታዋለች።"

ሄደ። እየተናደደም እየሳቀም።

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያሉት ድምፅ ማጉያዎች የእኔ አፍ ከሆኑ ዘመን ተቆጥሯል። ማን አሳማ አረደ፣ ማን አረፈ፣ የማን ልጅ ለሥራ ከሄደበት ካንኩን ደውሎ እናቱን ይፈልጋል... ሁሉም በእኔ በኩል ያልፋል። የመንደሩን ግማሽ ቅጽል ስም ያወጣሁትም እኔው ነኝ። ልጄን ኒደልቪያን ከሕፃንነቷ ጀምሮ "ዱባዬ" ነው የምላት። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞላት፣ ባሏን ቀበረች፣ ልጅ አሳደገች። አሁንም ዱባዬ። መንደሩም ከእኔ ሰምቶ ዱባ ይላታል። ወፍራም ናት፣ ምን ይደረግ? እዚህ እኛ ዘንድ ወፍራምን ወፍራም ማለት ፍቅር ነው።

ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግሪሴልዳ መጣች። የጡት ራጅ የሚያነሳው መኪና በሚመጣው ማክሰኞ አደባባዩ ላይ ይቆማል፤ ሴቶቹን በስም ጥራልን አለችኝ። ደግሞ ከዋናው ከተማ ከሜሪዳ የመጡ አጥኚዎች አሉ፤ የፈቀደች ሴት ሁሉ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ... እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሽንት ቤት የምትተወውን ይዛ ትመጣለች።

ከደስታዬ ብዛት ምሳዬን ረሳሁ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በዕድሜ አንዴ ነው የሚገኘው።


ፌብሩዋሪ 13፣ ሐሙስ

ኒደልቪያ አመሻሽ ላይ ደጃችን ወጥታ የበቆሎ ቂጣ በአሳማ ስብ ትጠብሳለች፤ መንደሩ ይበላል። ዛሬ ነርስ ግሪሴልዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ሦስት ቂጣ አዘዘች፣ ስለ ሰገራ ታወራልን ጀመረች። የሰዓት ምርጫዋ ድንቅ ነው።

"ዶን ሊቦሪዮ፣ አንጀትዎ ውስጥ ስንት ባክቴሪያ እንደሚኖር ያውቃሉ?"

"ስንቱን እንጃ፤ ኪራይ የሚከፍል ግን አንድም የለም።"

የልጅ ልጄ ላንዲ ሳቀች። ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ደክሟት ገብታ፣ እሷ እንኳ ሳቀች። ኒደልቪያ አልሳቀችም። ጭልፋውን እንደያዘች ታዳምጥ ነበር።

ነርሷ ያለችው፣ እኔ እንደገባኝ፣ ይህ ነው። የሴት ሆርሞን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ጉበት ጠቅልሎ ወደ አንጀት ይሰደዋል፣ ከቆሻሻ ጋር ወጥቶ እንዲሄድ። አንጀት ውስጥ ደግሞ ጥቅሉን የሚፈቱ ባክቴሪያዎች አሉ። የተፈታው ሆርሞን ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። ሆርሞኑ ሲበዛ ጡት ላይ ክፉ ነገር ሊቀሰቅስ ይችላል። ስብም በበኩሉ ያንኑ ሆርሞን ይሠራል፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላማ ዋናው ሠሪ እሱ ነው። የወፍራምና የቀጭን ሰው ባክቴሪያም አንድ አይደለም ይላሉ። እነዚህ ነገሮች እንዴት እንደሚያያዙ ነው ማወቅ የሚፈልጉት።

"ታዲያ ወፍራም ሴት ሁሉ...?" አለች ኒደልቪያ።

"ኧረ ሁሉም አይደለችም። ቀጭኗም ትታመማለች። ካረጡ በኋላ መወፈር ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል፣ ይህ ይታወቃል። የባክቴሪያው ገና አልተቋጨም። ብልቃጡም ለዚሁ ነው።"

ልጄ ብልቃጧን ተቀበለች፣ በፎጣ ጠቅልላ አስቀመጠች። ያለ ጭቅጭቅ! ሌላ ጊዜ መኪናው ሲመጣ ጉልበቷን ያማታል፣ ድስት ጥዳለች፣ እንግዳ አለባት... አሁን ምን ተገኘ? አልጠየቅኳትም። ማክሰኞ የምለውን እያሰናዳሁ ነበር።


ፌብሩዋሪ 18፣ ማክሰኞ

መኪናው ጠዋት ደረሰ። ነጭ ነው፣ ረጅም። ሴቶቹ ከዛፉ ጥላ ሥር ተሰለፉ። ሥራዬ ስም መጥራት ነበር። ስም ብቻ።

ከማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ አደባባዩ በሙሉ ይታየኛል። ኒደልቪያ ከዳቦ ቤቱ ጥግ ብቅ አለች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለሠርግ የምትለብሰውን። ፀጉሯን ተሠርታ። ማይኩ እጄ ላይ ነበር። እና አልኩ...

"የመኪናው ሹፌር ሆይ! ጎማህን ንፋ! ዱባዬ ኒደልቪያ እየመጣች ነው፤ ብልቃጥ አልበቃት ብሎ በባልዲ ይዛለች!"

አደባባዩ ፈነዳ። የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ፣ ሹፌሩ ሳቀ፣ ዳቦ ጋጋሪው ወጥቶ ሳቀ። ከአራቱም አቅጣጫ ድምፄ ሲመለስ ይሰማኛል። ደስ ብሎኝ ነበር... አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይጻፍ።

መሀል ላይ ቆመች። ወደ እኔ አላየችም። ቀና ብላ ወደ ድምፅ ማጉያዎቹ ነው ያየችው። ከዚያ ዞረች።

የረሳችው ነገር ይኖራል ብዬ ጠበቅኩ። ተራዋ ሲደርስ ጠራኋት። ኒደልቪያ ካኑል። እንደገና ጠራኋት። ሌላዋ ገባች።

ቀልድ ነው እኮ። ቀልድ መሆኑን የማያውቅ የለም። እሷም ታውቃለች። ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን እጽፋለሁ?


ፌብሩዋሪ 19፣ ረቡዕ

ሾርባ አቀረበችልኝ። ቃል አላቀረበችልኝም።

መኪናው ሄደ። የሚመለሰው ለከርሞ ነው።


ፌብሩዋሪ 23፣ እሑድ

ላንዲ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሮ ጠራችኝ። "አባባ፣ ና እስቲ።" የብርቱካኑ ዛፍ ሥር። ፊቷ ልክ አልነበረም። ሙሽራ ልታስተዋውቀኝ መስሎኝ፣ "ጥርስ አለው?" አልኳት።

"እማዬ ጡቷ ውስጥ አንድ ነገር አለ።"

"ምን ነገር?"

"እንደ ሽምብራ። ጠንካራ። ከገና ጀምሮ።"



"ለማን ነግራለች?"

"ለእኔ ብቻ። ማንም እንዳይሰማ አስምላኛለች። መኪናው ደጃችን ሲመጣ እታያለሁ አለች። ሜሪዳ ሄዳ የማታውቀው ሰው ፊት ሚዛን ላይ መውጣት አትፈልግም። ብለምናት ብለምናት እምቢ አለች። መኪናውን ስትጠብቅ ከረመች።" እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "መኪናውም መጣ። አንተም ማይክህን ያዝክ።"

 

"እኔ ነገርኩህ እንዳትላት" አለችና ገባች።

እንደ ሽምብራ...


ፌብሩዋሪ 24፣ ሰኞ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግሪሴልዳን በሩን ዝጊው አልኳት። ነገርኳት። እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

"ያን ቀን ከመኪናው ውስጥ ሆኜ ሰምቼዎታለሁ" አለችኝ።

"ሁሉም ሰምቷል።"

"እኔም ፈገግ ብያለሁ። አልዋሽዎትም።"

ጠየቅኳት። ለስላሳው ነው ወይ? በየቀኑ ሁለት ሊትር የማመጣላት እኔ ነኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ የሚያጽናናት መስሎኝ። ስቡ ነው? ባክቴሪያዎቹ ናቸው? አንድ ነገር ስጪኝ፣ አንድ የምይዘው ነገር...

"ዶን ሊቦሪዮ፣ እብጠቱ ምን እንደሆነ እንኳ ገና አናውቅም። ብዙው እብጠት ደህና ነው የሚሆነው። ካንሰር ቢሆንም በአንድ ነገር አይመጣም። ዕድሜ አለ፣ ዘር አለ፣ ውፍረት አለ፣ ሆርሞን አለ። የአንጀቱን ነገር አጥኚዎቹም እየጠየቁ ነው እንጂ መልስ የላቸውም። እኔ የምይዝልዎት ጥፋተኛ የለኝም።"

"አለመመርመሯስ?"

 ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

"እሱ እንኳ የባክቴሪያ ነገር አይደለም" አለች።

ወደ ሜሪዳ ልትጽፍላት ትችላለች። ግን መጀመሪያ ራሷ መምጣት አለባት። መጎተት አይቻልም።


ፌብሩዋሪ 26፣ ረቡዕ

ልብስ ስታጥፍ አገኘኋት።

"ዱ..." ብዬ ዋጥኩት። "ኒደልቪያ።"

"ምነው? ስሜን ከየት አገኘኸው?"

"ሰምቻለሁ። ስለ... ስለ እብጠቱ።"

"ላንዲ! ምላሷ ይቆረጥ።"

"የእኔ ይቆረጥ። ስሚኝ። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። በማይክ። ነገ ጠዋት፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ።"

ልብሱን ጣለችው።

"እንዳታደርገው! አባዬ፣ በእናቴ ይሁንብህ እንዳታደርገው። ያልሰማው ምን ብሏት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ የሰማው ይነግረዋል። ሁለተኛ ልታስቅብኝ?"

"ሁልጊዜ ትስቂ ነበር እኮ። ዱባ ስልሽ..."

"ካልሳቅኩ ኮራች እባላለሁ። ኮራችም ብቻ አይደለም፣ ወፍራምና ኩሩ። ስለዚህ እስቃለሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ዝም በል።"

ዝም ማለት... ያልተማርኩት ሙያ።


ማርች 2፣ እሑድ

ውጭ የካርኒቫል ሙዚቃ ነው። እኔ ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። ለስላሳውን ሁሉ ጓሮ ደፋሁት። የስቡን ቆርቆሮ ለዶኛ ጉሜርሲንዳ አሳማ ሰጠኋት፤ የዘመዷን ነው የበላችው፣ እግዜር ይቅር ይበላት። ገበያ ሄጄ ጎመን፣ ባቄላ፣ ፓፓያ ተሸክሜ መጣሁ። ለባክቴሪያዎቹ።

ኒደልቪያ ከእህል ወፍጮ ስትመለስ፣ "ስቤ የታለ?"

"ነርሷ እንዳለችው..."

"ነርሷን አብሬህ ቁጭ ብዬ ነው የሰማኋት። ስቤ የታለ ነው የምልህ! አመሻሹ ላይ ሰው ይመጣል። በምን ልጠብስ፣ በአንተ ምላስ?"

"ለጤናሽ ብዬ ነው።"

"አበላሌን የማስተካክለው እኔ ነኝ። በልኬ፣ በጊዜዬ። አሁን ደግሞ መጥበሻዬ ውስጥ ገባህ? አባዬ፣ አንተን የሚበላህ ሌላ ነገር ነው። ድስቴን ተወው።"

ልክ ናት። ስብ መድፋት ቀላል ነው፤ ሌላውን የት ወስጄ እደፋዋለሁ?

ፓፓያውን ግን በላችው። ጀርባዋን ሰጥታኝ።


ማርች 6፣ ሐሙስ

ማዘጋጃ ቤት ሰው ቅሬታ ያቀርባል። "ዶን ሊቦሪዮ ታመመ እንዴ? መርዶ የሚያረዳ ይመስል ነው የቲማቲም ዋጋ የሚያነበው።" 

ግሪሴልዳ አመሻሽ ላይ ቤት መጣች። ስለ እብጠቱ ትንፍሽ አላለችም፤ ብልህ ናት። አጥኚዎቹ አንድ ነገር ጨምረዋል አለች። አንድ ቤት የሚኖሩ፣ ከአንድ ድስት የሚበሉ ሰዎች ባክቴሪያቸው ይመሳሰል እንደሆነ ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከየቤቱ አንድ ወንድ ደግሞ ይስጥ ብለዋል።

"እኛ ቤት ወንድ ማን አለ?" አለች ላንዲ፣ ወደ እኔ እያየች።

ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ፊቴ ተቀመጠ።

ያኔ ኒደልቪያ ሳቀች። በአፍንጫዋ፣ አጭር። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ።

"እሱ ካመጣ እኔም አመጣለሁ" አለች። "እመዘናለሁም። ጡቴንም ታይዋለሽ፣ ግሪሴ። ሜሪዳ ሂጂ ካልሽኝም እሄዳለሁ።"

ነርሷ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። ልጄ ግን አልጨረሰችም።

"ግን በገበያ ሰዓት ነው የሚያመጣው። በእጁ ይዞ። ፎጣ የለ፣ ፌስታል የለ። አደባባዩን መሀል ለመሀል አቋርጦ። ሰው ምንም ቢለው አንድ ቃል አይመልስም።"

"አንድ ቃል?"

"አንድ።"

"ሰላምታስ?"

"አባዬ!"

"እሺ... እሺ አልኩ።"


ማርች 10፣ ሰኞ

ዛሬ ተደረገ።

የብልቃጡ ክዳን ቢጫ ነው፣ ሰውነቱ ግን ብርጭቆ የመሰለ፣ የያዘውን የማይሸፍን። ከቤት ስወጣ ባርኔጣዬን አደረግኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ክብር ይጨምርልኛል ብዬ ይሆናል። ኒደልቪያ የራሷን በፎጣዋ ጠቅልላ ከኋላዬ፣ ትንሽ ራቅ ብላ። ላንዲ ከጎኗ።

መጀመሪያ ያየችኝ ዶኛ ጉሜርሲንዳ ናት፣ ከሽንኩርቷ ጀርባ።

"ዶን ሊቦሪዮ፣ ምንድን ነው የያዝከው? ማር ነው?"

ዝም።

"ኧረ ና አቅምሰን!"

ዝም። ጎረቤቷ አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ለሌላዋ ጠቆመች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ሥጋ ቤቱ ጋ ስደርስ ካሲሚሮ በረኛው የሥጋ መፍለጫው ግንድ ላይ ወጥቶ፣ እጁን እንደ ማይክ ጨብጦ፣ የእኔን ድምፅ ይዞ እየጠበቀኝ ነበር።

"ለመንደራችን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ለሚመለከታቸው የበላይ አካላት በሙሉ! ዶን ሊቦሪዮ ካኑል በዛሬው ዕለት ከአፉ ከሚያወጣው የጸዳ ነገር በሌላ በኩል ማውጣቱ ተረጋግጧል!"

አደባባዩ ተናጋ። አንዷ ሚዛኗን ለቀቀች፣ ቲማቲሙ ተንከባለለ። ጥሩ ነበር፣ ምስክር ነኝ፣ ጥሩ ነበር። መልሱም ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ከእሱ የተሻለ ነበር። ከግንዱ ላይ አንቀጥቅጦ የሚያወርደው።

ዋጥኩት።

ሰው ሲስቅብህ መንገዱ ይረዝማል ለካ። እጅህ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋሃል። ዓይንህን መሬት ላይ ትተክላለህ፣ መሬቱም የሚስቅ ይመስልሃል። መሀል ላይ ስደርስ... እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ... ለምን እንደዞረች ገባኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልገባኝም። በእኔ የተሳቀው በብልቃጥ ነው፤ ብልቃጡን አስረክቤ እጄን ታጥቤ እገባለሁ። እሷ የተሳቀባት ሰውነቷ ነበር። እሱን የት ታስረክበዋለች?

ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ዞር ስል ከኋላዬ ነበረች። አልተመለሰችም።

"አንድም ቃል?" አለች ላንዲን።

"አንድም። ሥጋ ቤቱ ጋ ሊሞት ነበር እንጂ።"

ሚዛኑ መጋረጃ ጀርባ ነበር። ግሪሴልዳ ቁጥሩን አልተናገረችም፣ ጻፈች ብቻ። እንዲህም ይቻላል ለካ... ከዚያ በሩ ተዘጋ። ቆየ። ግሪሴልዳ ስትወጣ ዓይኔን አላየችም። ለሜሪዳ ጻፈችላት።


ማርች 19፣ ረቡዕ

ሜሪዳ። ኮሪደሩ ሙሉ ሴት፣ እኔ ባርኔጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ። አንድ ደርዘን ቀልድ መጣልኝ። አንዱንም አልተናገርኩም። በየተራ መጡ፣ በየተራ ሄዱ።

ራጅ አነሷት፣ ከዚያ በመርፌ ከእብጠቱ ናሙና ወሰዱ። ስትወጣ ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

"አመመሽ?"

"ካንተ ማይክ አይብስም።"

እየቀለደች ነው? እየወጋችኝ? አውቶቡስ ውስጥ ሳስበው መጣሁ። ሁለቱም ይመስለኛል። የእኔ ልጅ አይደለች?


ማርች 31፣ ሰኞ

ካንሰር ነው።

የሜሪዳዋ ዶክተር ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ትንሽ ነው አለች። ወደ ብብቷ የተሰራጨ አይመስልም፣ ግን ቀዶ ጥገናው ነው የሚያረጋግጠው። ከዚያ ጨረር፣ ከዚያ የሴት ሆርሞኑን የሚያግድ ክኒን፣ ለዓመታት። ይህኛው ካንሰር ሆርሞን የሚመገብ ዓይነት ነው። ሆርሞን... ግሪሴልዳ ደጃችን ላይ ቂጣ እየበላች ያለችው ሁሉ ትዝ አለኝ። ያኔ ስለ ኪራይ ነበር የቀለድኩት።

"ዶክተር፣ በእኔ ለስላሳ ነው? በየቀኑ ሁለት ሊትር..."

"ጋሼ፣ በአንድ ሰው ላይ ከምን እንደመጣ ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ክብደቷ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ላይኖረውም ይችላል። እንደሷ የሆኑ ብዙዎች አይታመሙም።"

"መኪናው የመጣ ዕለት ብትታይስ ኖሮ? ያ ጊዜ..."

ልጄ አቋረጠችኝ። "ዶክተር፣ አባቴ ቅጣት እየለመነ ነው። እንዳይሰጡት። የታመምኩት እኔ ነኝ፤ የእኔን ይንገሩኝ።"

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። እኔ ባርኔጣዬን ሳዞር ቆየሁ።

ለውጥ ያመጣ ነበር አላለችም። አያመጣም ነበርም አላለች። ይህንን ይዤ ነው የምኖረው።


ኤፕሪል 10፣ ሐሙስ

ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት።

ላንዲ መቁጠሪያዋን ይዛለች። እኔ ምንም አልያዝኩም።

ወጣች። ተኝታለች። አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። እንደ እናቷ። ብዙ የምለው ነበረኝ።


ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ

ቆርጠው ያወጡት ሥጋ ዳር ዳሩ ንጹሕ ነው አሉ። የብብቷም ንጹሕ። ላንዲ ስልኩን ይዛ ወንበር ላይ ወጥታ ጮኸች።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ፤ ተረፍኩ ብዬ ነው ወይስ ተረፈች ብዬ ደስ ያለኝ? ሽማግሌ ሆኖ እንዲህ ያለ ጥያቄ...


ሜይ 6፣ ማክሰኞ

መንደሩ አሁን ዶን ብልቃጥ ነው የሚለኝ። ሕፃናት ሳይቀሩ። "ዶን ብልቃጥ፣ ዛሬ ምን አለ?" እስቃለሁ። ካልሳቅኩ ኮራ እባላለሁ።


ሜይ 22፣ ሐሙስ

የምርመራው መኪና ጎረቤት መንደር መጥቶ ነበር፤ የእኛዎቹም መሄድ ይችላሉ ተባለ። ማስታወቂያውን ከማንበቤ በፊት ቤት ሄጄ ኒደልቪያን ምን ልበል አልኳት። ከመጥበሻዋ ቀና አላለችም። አሁን በዘይት ነው የምትጠብሰው፣ ትንሽ በትንሽ፤ ያስተካከለችው ራሷ ናት።

"ቦታውን በል፣ ሰዓቱን በል። ከዚያ ማይኩን አጥፋ።"

"ስም ልጥራ?"

"ማንንም አትጥራ። ራሳቸው ይሂዱ።"

ቦታውን አልኩ፣ ሰዓቱን አልኩ፣ ማይኩን አጠፋሁ። ከበረንዳው ሆኜ አየሁ። ዶኛ ጉሜርሲንዳ፣ በዘመኗ ዶክተር አይታ የማታውቀው፣ ሽንኩርቷን ለጎረቤት ትታ ወደዚያ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ወጣች። ስትወጣ እግረ መንገዷን ወደ ላይ፣ ወደ ድምፅ ማጉያዎቹ አየች። እስክትቀመጥ ተጠንቅቄ ዝም አልኩ።

የብልቃጦቹ ውጤት አልመጣም። ግሪሴልዳ ገና ዓመታት ይፈጃል ትላለች፤ ሺህ ሴት ይፈልጋሉ። የእኔና የልጄ ባክቴሪያዎች ሜሪዳ ውስጥ በአንድ ማቀዝቀዣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እነሱ ይነጋገሩ ይሆን?

ልጄን በስሟ ነው የምጠራት። ላንዲ ፖሊስ የሚጠራት ይመስላል ትላለች። ኒደልቪያ ስሟን ስትሰማ አሁንም ትንሽ ትዘገያለች፣ ሌላ ሰው የተጠራ ያህል። ከዚያ "አቤት" ትላለች። ያቺ መዘግየቷ ሁልጊዜ ትወጋኛለች። ልጅን ያህል ነገር ለስሟ እንግዳ አድርጌ...

ትናንት የመጨረሻውን ጨረር ተቀበለች። ደረቷ ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ ቀሚሱ ይነካታል፤ አላማረረችም። ክኒኑ ይቀጥላል፣ ምርመራው ይቀጥላል፣ ፍርሃቱም ይቀጥላል። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ሙቀቱ ያጥወለውል ነበር። መንገዱን ስናቋርጥ እጄን ያዘችኝ። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አለቀቀችኝም። ምንም አላወራንም፤ እኔም የማወራው አላማረኝም።

...

ውሸት ነው። ለማን ነው የምዋሸው? ይህን ከእኔ በቀር የሚያነበው የለ። ጨረሩም ሙቀቱም ዝምታውም እውነት ነው። እጄን ግን አልያዘችም፤ እሱን ከራሴ ጨመርኩት። ቦርሳዋን ነው ያስያዘችኝ። "ያዝልኝ፣ እንዳትጥለው" አለች፣ ሳታየኝ።

ከባድ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ላንዲ ልቀበልህ ብትለኝ እምቢ አልኳት። ቤት እስክንደርስ አላስቀመጥኩትም።